በረንዳ ላይ ምን ይቀመጣል፣ ምን ይሰቀላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ የፎቅ ነዋሪዎች

ፎቅ ቤት ሲገባ ቶሎ የሚሞላው በረንዳው ነው። የአበባ ጣሳ፣ የውኃ ጄሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ የልብስ ገመድ፣ ዲሽ፣ ለበዓል የተሰቀለ መብራት፣ ቤት ውስጥ ቦታ ያጣ ወንበር ሁሉ እዚያ ያርፋል። ይህ የሚያስነውር ነገር የለውም፤ ቤቱ ጠባብ ከሆነ በረንዳው ግማሽ ኑሮ ነው። ችግሩ በረንዳን እንደ አንድ ክፍል መቁጠር ላይ ነው። ክፍል አራት ግድግዳ አለው፣ ወለሉም ዙሪያውን ተደግፏል። በረንዳ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጎኑ ብቻ ተይዞ ወደ ውጭ የወጣ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለል ነው። ነፋስ ያገኘዋል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው ያልፋል።

ከክብደቱ እንጀምር፤ ሰው ብዙም የማያስበው እሱን ነውና። ወደ ውጭ የወጣ ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት ጫፉ ወደ ታች መታጠፍ ይፈልጋል፤ ያን የሚከለክለው ከላይ በኩል፣ ከግድግዳው አጠገብ የተቀበረው ብረት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ኪሎ?» ብቻ ሳይሆን «ከግድግዳው በምን ያህል ርቀት?» ጭምር ነው። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ የተቀመጠ 100 ኪሎ ዕቃ 120 ሳንቲ ሜትር ወደሚርቀው ጫፍ ቢዛወር፣ በዚያ ብረት ላይ የሚያሳድረው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ዕቃው ያው ነው፣ ኪሎውም አልጨመረም። ከባድ ነገር ሁሉ ወደ ግድግዳው ይጠጋ የሚባለው ለዚህ ነው።

የአውሮፓ የግንባታ ደረጃ ለመኖሪያ ቤት በረንዳ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 400 ኪሎ የሚደርስ የአገልግሎት ጭነት እንዲታሰብ ይመክራል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር የሆነ በረንዳ 3.6 ካሬ ሜትር ነው። ዝቅተኛውን ብንይዝ 900 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር በወለሉ ላይ እኩል ለተሰራጨ ጭነት የተሰላ ነው፤ የሚወጡትን ሰዎችም ይጨምራል። ለቅሶ ወይም ሰርግ ሲሆን በረንዳው ላይ ስምንት ሰው ከቆመ 500 ኪሎ ገደማ ወዲያው ሄደ።

አሁን ዕቃዎቹን እንመዝን። 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፣ አሥሩ ሲደረደሩ 200። አንድ ሙሉ በርሜል 200 ኪሎ ሲሆን፣ የቆመበት ቦታ ሩብ ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚያች ቦታ ላይ ያለው ጫና በካሬ ሜትር ሲሰላ ከ700 ኪሎ ያልፋል። 500 ሊትር ሮቶ የሞላ ዕለት ግማሽ ቶን ነው። ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤት ማጠራቀሙ የግድ ነው፤ ሮቶን በረንዳ ላይ ማቆም ግን የግድ አይደለም፣ እኛም በፍጹም አንመክረውም። ቦታው መሬት ላይ፣ በአርማታ መደብ ላይ ነው። ፎቅ ላይ ጄሪካን መያዝ ካስፈለገ አንድ ላይ ከመከመር ይልቅ በግድግዳው ሥር በአንድ መስመር ይደርደር።

የአበባ መትከያም እንደሚታየው ቀላል አይደለም። 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አፈር ሞልቶ ውኃ ሲጠጣ ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል። ስምንት ባልዲ በአጥሩ ብረት ሥር የደረደረ ሰው ሩብ ቶን የሚሆን ጭነት በረንዳው እጅግ በማይወደው ጫፍ ላይ አስቀምጧል። ክብደቱን ለመቀነስ ከአፈሩ ሲሶውን በደቃቅ ቀይ አሽ፣ ሲሶውን በደንብ በበሰበሰ ፍግ ይተኩት፤ ቀይ አሹ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ስለሆነ ይቀላል፣ ውኃም አይቋጥርም።

በረንዳው እንደተጎዳ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። አንደኛው ከላይ ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ጣውላ ወይም ምንጣፍ ከተነጠፈ አይታይም፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ መግለጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከታች በኩል የሚታይ የዝገት እድፍ ወይም የረገፈ ልስን ነው። ውኃ ገብቶ ብረቱ ሲዝግ ይፋፋል፣ ሲፋፋ አርማታውን ገፍቶ ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁ ደግሞ ይበልጥ ውኃ ይገባል። ሦስተኛውን ማንም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ በረንዳውን ባዶ አድርገው ከግድግዳው አጠገብ አንድ ሊትር ውኃ ያፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል አለበት። ውኃው ማፍሰሻውን ትቶ በጫፉ በኩል በአንድ ጥግ የሚጠራቀም ከሆነና ቀድሞ እንዲህ ካልነበረ፣ ሶሌታው ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ዕቃውን አንስቶ መሐንዲስ መጥራት ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን ግን ምልክቱን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም።

ነፋስና የብረቱ አጥር

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ሥር ተቀምጣለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራ ፎቅ አንዱ ጎኑ ተከልሎ ሌላው ለገደሉ የተከፈተ ይሆናል፣ የሚነፍሰውም በዚያ በኩል ነው።

የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በደሴ ከፍታ፣ አየሩ ሳስቶም ቢሆን፣ በካሬ ሜትር 11 ኪሎ ገደማ ይገፋል። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.6 ሜትር የሆነ ሸራ በአራቱም ጫፍ ተወጥሮ ከታሰረ ግፊቱ 35 ኪሎ ይደርሳል። ያ ሁሉ የሚያርፈው በአራት ቋጠሮ ላይ ነው። ሲባጎው ባይበጠስ እንኳ ነፋሱ እየመጣና እየሄደ ስለሚያናውጠው የአጥሩ ብየዳ ይላላል። ፀሐይ ለመከለል ሸራ የሚወጥር ሰው ከታች ያሉትን ሁለት ጫፎች በቀላሉ እንዲፈቱ አድርጎ ይሰር፣ ሰማዩ ሲጠቁር ይጠቅልለው።

ልብስም እንደዚሁ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ መዘርጋት የተለመደ ነው፣ ጉዳቱ ግን ከሁለት በኩል ይመጣል። ውኃው ከታች ባለው ጎረቤት የደረቀ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ እርጥብ ጋቢ ከነክብደቱ ይወርዳል። ገመዱን ከአጥሩ ወደ ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ገባ አድርገው ይወጥሩ። ትልልቁን ልብስ አጥፈው በገመዱ ላይ ግራና ቀኝ እኩል ያንጠልጥሉ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ መቆንጠጫ ያድርጉበት። የናይለን ገመድ ፀሐይ እየበላው ይደርቃል፤ ሲያጥፉት ነጭ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

በአጥሩ አናት ላይ ግን ምንም አይቀመጥ። በዚህ ላይ ድርድር የለንም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ 12 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ አጥር የወደቀ ጣሳ መሬት የሚደርሰው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይሆናል። «ተጠንቀቅ!» ብሎ ለመጮህ እንኳ አይበቃም። እንዲወድቅ ነፋስ ብቻ አያስፈልገውም፤ ድመት፣ የልጅ እጅ፣ የተከፈተ በር ይበቃዋል። ሁለቱም ከተሞች በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያሉ ስለሆኑ የምድር መንቀጥቀጥም የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ በምትገኘው ካራ ቆሬ አካባቢ ግንቦት 1953 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ቤት የማያፈርስ ትንሽ ንዝረት እንኳ አጥር ላይ የተቀመጠ ጣሳ ያወርዳል።

አበባ ከአጥሩ ጋር እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ከውስጥ በኩል ያንጠልጥል። ማንጠልጠያው አጥሩን ከሁለት ወገን የሚያቅፍ ብረት ይሁን፣ በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነሮንደላውና ከነዳዶው ይጠበቅ። ከዚያ በተጨማሪ ጣሳውን ራሱን ወገቡ ላይ በማይዝግ ሽቦ ከአጥሩ ጋር ያስሩት፤ ማንጠልጠያው ቢከዳ ሽቦው ይይዘዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ አይተማመኑ፣ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሳይታሰብ ይሰበራል። የተለመደው ጥቁር ሽቦም አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ በጣት ሲጠመዘዝ ይቆረጣል።

ሕፃን ያለበት ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለበት። የአጥሩ ቁመት 1.10 ሜትር ቢሆን፣ ከሥሩ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን በርጩማ ወይም ጄሪካን ሲቀመጥ ለሚወጣበት ልጅ አጥሩ 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። መወጣጫ ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ ከአጥሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በረንዳው ጠቦ ይህ ካልተቻለ ዕቃው ወደ ቤት ይግባ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የበረንዳ ግድግዳ አብዛኛው ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። በትራፓኖ ሲበሳ መርፌው ከሁለት ተኩል ወይም ከሦስት ሳንቲ ሜትር በኋላ ድንገት ከገባ ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ሥዕል ወይም ትንሽ መስተዋት ይይዛል እንጂ መደርደሪያ አይችልም። ከባድ ነገር የሚሰቀለው አርማታ ላይ ነው፣ ማለትም በአምዱ ወይም ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ ላይ። ወለሉን ግን አይብሱ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ብረቱ የሚወስድ የውኃ በር ነው።

ክረምት ሲመጣ

የበረንዳውን ማፍሰሻ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ሳይሆን የአበባ አፈር ነው። አበባው ውኃ በጠጣ ቁጥር ጥቂት ጭቃ ከጣሳው ሥር ይወርዳል፣ በማፍሰሻው ቱቦ ውስጥ ይረጋል፣ በበጋ ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሐምሌ ሲገባ 3.6 ካሬ ሜትር በረንዳ ላይ የወረደ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 180 ሊትር ውኃ ነው። የበሩ ደፍ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በረንዳው የሚይዘውም ልክ 180 ሊትር ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሳሎን ይገባል። በረዶ ከጣለ ደግሞ በረዶው ራሱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጣሳዎቹን በጡብ ወይም በብሎኬት ስባሪ ከወለሉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፤ ውኃው ከሥራቸው ያልፋል፣ ወለሉም ይደርቃል። የጣሳው ሥር ላይ የጣት ውፍረት ያላቸው አራት አምስት ቀዳዳዎች ይብሱና በላያቸው የአሮጌ ማዳበሪያ ጨርቅ ቁራጭ ያንጥፉ፤ ውኃ ያሳልፋል፣ አፈር ይይዛል። በግንቦት መጨረሻ ማፍሰሻው ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ አከታትለው ይድፉ። ሁለተኛው ባልዲ ሳያመነታ ካልወረደ ቱቦው ጠቧል፣ ጠንካራ ላስቲክ ቱቦ አስገብቶ መጎርጎር ያስፈልገዋል።

ስለ ተክሎቹ በአጭሩ፦ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል በሁለቱም ከተማ በረንዳ ላይ ይስማማሉ፣ ውኃ ሲበዛባቸው ግን ሥራቸው ይበሰብሳል። በሶ ብላ የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይወድም፤ ማታ ማታ ቀን ፀሐይ የጠጣ ግድግዳ ጥግ ይጠጋ። በኮምቦልቻ ደግሞ ጥቁር ጣሳ ቀትር ላይ ሥሩን ስለሚቀቅለው ነጭ መቀባቱ ይረዳል።

ከሰልና እሳት

በረንዳ ላይ ቡና ማፍላት ቤቱን ከጭስ ያድናል፣ ስለዚህ ተዉት አንልም። ግን እሳቱ የሚቀመጥበት ቦታ ይመረጥ። ምድጃው 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ወይም አመድ በተነጠፈበት የብረት ትሪ ላይ ይቁም፣ በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል መጋረጃ፣ ልብስ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ የበዓል ቄጠማ የደረቀ እንኳ አይኑር። ነፋስ ሲኖር ፍንጣሪው ወደ ጎረቤት በረንዳ ይሄዳል። ቡናው ካለቀ በኋላ ፍሙን ውኃ አፍስሰው ያጥፉት፤ አመድ የሸፈነው ፍም እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል፣ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በፌስታል ተደርጎ በረንዳ ጥግ ከተቀመጠ ሌሊት እሳት ያስነሳል።

የደሴ ብርድ የሚያመጣው ሌላ አደጋ አለ፤ ጭሱ አልቋል ተብሎ ፍም ያለበትን ምድጃ ከበረንዳ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት። ጭስ የሌለው ፍም ይበልጥ አሳሳች ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በር ገርበብ ማድረግ በቂ መከላከያ አይደለም።

በረንዳ ላይ የሚከማች ዕቃ እሳትን ምን ያህል እንደሚያፋጥን በባሕር ላይ የደረሰ አንድ አደጋ በግልጽ አሳይቷል። ስታር ፕሪንሰስ የተባለው የመንገደኞች መርከብ መጋቢት 14 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በካሪቢያን ባሕር ወደ ጃማይካ ሲጓዝ እሳት ተነሳበት። እሳቱ የጀመረው በአንድ ካቢን በረንዳ ላይ ነው፤ መርማሪዎች በአብዛኛው የጠረጠሩት ሳይጠፋ የተጣለ ሲጋራን ነው። የበረንዳዎቹ መለያ ፕላስቲክ ነበር፣ ወንበርና ጠረጴዛውም እንዲሁ። እሳቱ ከበረንዳ በረንዳ፣ ከፎቅ ፎቅ እየዘለለ ወጣ፤ አንድ መንገደኛ ሞተ፣ 79 ካቢኖች ሙሉ በሙሉ ወደሙ። ካቢኖቹ ውስጥ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ነበር፣ በረንዳዎቹ ላይ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ደንብ ተሻሻለ፤ ከሰኔ 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የካቢን በረንዳ ወይ በቀላሉ በማይቀጣጠል ዕቃ ብቻ እንዲሞላ፣ ወይ የራሱ ውኃ መርጫና እሳት ጠቋሚ እንዲኖረው ተደረገ። ዛሬ በመርከብ ካቢን በረንዳ ላይ ፎጣ፣ ባንዲራ ወይም ጌጥ በአጥሩ ላይ መስቀል በብዙ ኩባንያዎች የሚከለከለው በዚህና በነፋሱ ምክንያት ነው። የእኛ ፎቆች በረንዳ ላይ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ያለን ምርጫ የመጀመሪያው ብቻ ነው፦ የሚቀጣጠለውን መቀነስ። አሮጌ ፍራሽ፣ ካርቶን፣ ትርፍ ስፖንጅ በረንዳ ላይ አይከማች።

ለበዓል መብራት የሚዘረጋ ሰው ለውጭ የተሠራ መሆኑን ከማሸጊያው ያረጋግጥ፤ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ ዝናብ እንደሚችል ይነግራል። ማከፋፈያው ግን ምንጊዜም ቤት ውስጥ ይሁን። ሽቦው በበሩ መጋጠሚያ እየተቀረጠፈ ከኖረ በሦስተኛው በዓል ላይ ልባሱ ተልጦ ያገኙታል።

ዲሽ ከበረንዳ ለምን አይሠራም?

ብዙ ሰው ዲሹን በረንዳው አጥር ላይ ያስርና ሥርጭቱ ሲቆራረጥ ሠራተኛውን ይወቅሳል። ምክንያቱ አቅጣጫው ላይ ነው። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከደሴ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ማለትም ከአናት ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የላይኛው ጎረቤት በረንዳ ይህን የሰማይ ክፍል ይሸፍነዋል። ናይልሳት በምዕራብ በኩል በ35 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ በረንዳ ሊያገኘው ይችላል፤ ወደ ምሥራቅ የዞረ ግን ምንም ቢደረግ አያገኘውም። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ሸራ እንደሚይዘው ሁሉ ነፋስ ይይዛል፤ ከአጥሩ ወደ ውጭ በረዥም ብረት ወጥቶ ሲታሰር አጥሩን እንደ ማንሻ ይነቀንቀዋል። ነዋሪዎቹ ተስማምተው ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ ተክለው ገመድ ቢያወርዱ ለሁሉም ይሻላል።

ኃላፊው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2080 ከሕንፃ የወደቀ ዕቃ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ የሚያደርገው በሕንፃው የሚኖርበትን ሰው ነው። ተከራይ ከሆኑ ጣሳው የእርስዎ ነው፣ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው። «ነፋስ ነው የጣለው» ማለት ብዙ አያስኬድም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 ሕንፃውን በግል በሚያዝ ቤትና በጋራ መጠቀሚያ ይከፍለዋል፣ የነዋሪዎች ማኅበርም መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። የሕንፃው የውጭ ገጽታ በብዛት የሚታየው እንደ ጋራ ነው። ስለዚህ ከመሥራትዎ በፊት የማኅበሩን ደንብ ጠይቀው ያንብቡ፤ ስለ ቀለም፣ ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ዲሽና በረንዳ ስለ መዝጋት ምን እንደሚል ይዩ። ለጎረቤትም አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ ከታች ያለው ቤት ሲያውቅ ብዙ ጠብ ሳይጀመር ያልቃል።

በረንዳ መዝጋት ለብቻው ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። 5 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 12.5 ኪሎ ይመዝናል፤ 3 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ መስኮት መስታወቱ ብቻ 56 ኪሎ ሲሆን ብረቱ ሲጨመርበት 100 ይጠጋል። ይህ ሊቻል ይችላል። በብሎኬት መዝጋት ግን ሌላ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ በካሬ ሜትር ከ150 ኪሎ በላይ ስለሚሆን 3 ሜትር ርዝመት ያለው የአንድ ሜትር ከፍታ ግድግዳ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፣ እሱም ቋሚ ሆኖ በሶሌታው ጫፍ ላይ። ግንበኛው «ይችላል» ቢል እንኳ የሕንፃውን ንድፍ ያየ መሐንዲስ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አይጀመር። ቤቱን የሚከራዩት አስቀድሞ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ማን እንደዘጋውና በማን ፈቃድ እንደሆነ አከራዩን ይጠይቁ፣ ከሥር ወጥተውም የሶሌታውን ሆድ ይመልከቱ፤ ስንጥቅ ወይም የዝገት እድፍ ካለ ውል ከመፈረም በፊት ፎቶ አንስተው ለአከራዩ ያሳዩ።